ስንጥቁ ላይ የተጣበቀው መስታወት

ከፋሲካ በኋላ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከወልድያ ወደ መርሳ ወረድኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ሰው ለፎቅ ቤት መሠረት ያስቆፍራል። ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁር አፈር በበልግ ዝናብ ርሶ መንገድ ዳር ተቆልሏል። ዋልካ ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የሚያወጣ፣ ሲርስ ደግሞ አብጦ ጫማ የሚቀማ አፈር። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን እየያዘ ይሄዳል። እኔ ግን በሠርግ ልብሴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ሽታ ሆዴ ውስጥ የተኛ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ናፍቆት ቢሆን ደስ ባለኝ። ቅናት ነው።

አባቴ ግንበኛ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐራ እየመጣ ነበርና በአካባቢው ግንብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሥራ አላጣም። አባባ አንዱን ሳምንት ወልድያ፣ ሌላውን ሐራ፣ የቀረውን እዚያው በምንኖርባት መርሳ ይሠራል። ራቱን እየበላ ስለ መሬት ማውራት ይወዳል። ሌላው አባት ስለ ዘመድ አዝማድ ሲያወራ የኔ አባት ስለ አፈር ያወራል።

«ወልድያ አለት ላይ ናት» ይላል። «ጉልበትህ ድረስ ቆፍር፣ ድንጋይ ታገኛለህ። ቤቷ ንቅንቅ አይልም። ግን መዘርጊያ የላትም። ባቡሩም፣ መጋዘኑም፣ ወፍጮውም ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳ ያለው እኛ ጋ ነው። የኛ ሜዳ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ትለዋለች እማዬ፣ ሰምታው የምታውቀውን።

«ተራራውን ማውረድ ነዋ! ጥቁሩን አፈር ዝቀህ ትጥላለህ፣ በቦታው ከተራራ የመጣ ገረጋንቲ ትሞላለህ። ያኔ ሜዳውም አለት ይሆናል።»

እውነትም ተራራው ይወርድ ነበር። ገልባጭ መኪኖች ከጠዋት እስከ ማታ ቀይና ግራጫ ጠጠር እየጫኑ በቤታችን ፊት ያልፋሉ፤ አቧራው ገብቶ ሽሮ ውስጥ ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ከተማውም ዓመሉን ቀየረ። ድሮ መርሳ ውስጥ ቤት ማለት እንጨትና ጭቃ ነበር። ጭቃ ቤት ዋልካ ላይ ሲያዘም ያዘማል እንጂ አይሰበርም፤ በዓመቱ ጭቃ መምረግ ነው። ያን ዓመት ግን ሁሉ ሰው ብሎኬት አለ። ብሎኬት ደግሞ ማዝመም አያውቅም፣ መሬቱ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ይሰነጠቃል። አባባ የሚፈለገው ለዚህ ነበር። «እሱ መሠረቱን ካየ እሺ፣ እሱ እምቢ ካለ ተወው» ይባልለታል። አንድ ባለሱቅ ለዘመን መለወጫ እንዲደርስለት ቸኩሎ «አንድ ሜትር ይበቃል፣ ሙላው» ሲለው ስሰማ አጠገቡ ነበርኩ። አባባ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ደፋ፣ ቁጭ ብሎ አፈሩ ሲያብጥ ተመለከተ፣ ተነሳ። «ሁለት ሜትር ካልወረድን እጄን አላስገባም» አለ። ሰውየው «ሌላው በአንድ ሜትር ይሠራልኛል» አለው። «ይሥራልህ» አለና መዶሻውን አንስቶ ሄደ። ባለሱቁ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትሎ መለሰው።

እኛ ራሳችን ግን ጭቃ ቤት ውስጥ ነበርን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ አባባ በየእሑዱ ከቤታችን ጎን አንዲት የብሎኬት ክፍል ጀመረ። መሠረቱን ሲቆፍር «ይቺ ላንቺ ናት፣ ሃና» አለኝ። እማዬም ሰምታለች። ለጓደኞቼ በሙሉ ተናገርኩ። ግድግዳው ገና ወገብ ሳይደርስ አልጋዬን የት እንደማደርግ፣ ማንን እንደማስገባ፣ ማንን እንደማላስገባ ጨርሻለሁ። ለሰው ሁለት ሜትር የሚያስቆፍረው አባቴ ለራሱ ጊዜ አጥሮት አንድ ሜትር ተኩል ላይ እንዳቆመ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቆርቆሮው በተመታ በሳምንቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ስንዱ መጣች።

ስንዱ አባባ እማዬን ሳያገባ በፊት የወለዳት ልጁ ናት። ከመርሳ በላይ ካለው ተራራ፣ ከእናቷ ዘንድ ነበር የምትኖር። ለኔ ስም ብቻ ነበረች፤ በየዓመት በዓሉ «ለስንዱ ይሄን ላኩላት» ሲባል የምሰማው ስም። አሁን ግን አሥራ አምስት ዓመት የሞላት፣ አንገቷ ረጅም፣ አንድ ፌስታል ልብስና አንድ ከረጢት በሶ የያዘች ልጅ ሆና በራችን ላይ ቆመች። ስምንተኛን ጨርሳለች፤ እነሱ ሰፈር ደግሞ ዘጠነኛ የለም።

«እንደምን ዋላችሁ» ብላ የአባባን ጉልበት ሳመች። «አባባ ደከሙ? ምነው ከሱ?»

አንቱ ትለዋለች! የገዛ አባቷን! አባባ ደግሞ ደስ ብሎት ፊቱ በራ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ስለው እንደዚያ በርቶ አያውቅም። በማግስቱ እኔም «አባባ ቁርስዎን ይብሉ» አልኩት። እማዬ ሳቀች፣ አባባ ሳቀ፣ ስንዱ እንኳ ሻሽዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሁለተኛ አልሞከርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ራት ላይ አባባ ወደኔ ሳያይ «ክፍሏ ስትለሰን ስንዱ ትግባባት፤ ታጠናበታለች። ሃና ገና ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር ትሁን» አለ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ብናገርስ ማን ይሰማኛል? እማዬ እርጉዝ ነበረች፤ እሷ የምታስበው አራት ሰው ባንድ መደብ ላይ ሆኖ አምስተኛው ሲመጣ የት እንደሚተኛ ነው።

ስንዱ ድንጋይ ታውቅ ነበር። እነሱ ሰፈር ካባ አለ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት፤ እዚያ ነው ያደገች። አባባ ጓሮ የተቆለለውን ድንጋይ ሲመርጥ ቁጭ ብላ በትንሽ ጠጠር ትመታዋለች። «ይሄ ይጮሃል፣ ጤነኛ ነው። ይሄ ድምፁን ይውጣል አባባ፣ ውስጡ በስብሷል።» አባባ በመዶሻ ሲፈልጠው እውነትም ውስጡ እንደ አሮጌ ዳቦ ይፈረፈራል። «አየሽልኝ?» ይላታል ለእማዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለድንጋይ መረጣ ይዟት ይሄድ ጀመር። እኔን ለመረጣ አንድ ቀን ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። እነሱ ሲሄዱ ጓሮ ገብቼ ድንጋዩን ሁሉ በጠጠር እመታለሁ፣ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ሁሉም ድንጋይ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው የሚል። አንዱም አልጮኸልኝም።

አንድ ቀን ደጅ ቆመን አንድ ገልባጭ ሲያልፍ ስንዱ «ይሄ ገረጋንቲ የኛ ሰፈር ነው፣ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ» አለች። እንደዋዛ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ተራራው ተጭኖ አልቆ መሬት ሲጎድላቸው እናቷ፣ አጎቶቿ፣ ዘመዶቿ ሁሉ እንደ ጠጠሩ ወደ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ የሚያውቁት ቤት የላቸውም፣ እኛ ቤት ነው የሚመጡት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መኪና በጥላቻ ነበር የማየው። አባባን «ተራራው ሲያልቅ ሰዎቹ የት ይሄዳሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኛ ዘንድ ነዋ!» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅሁም። ቁርጡን ነገረኝ ብዬ ነበር የተቀበልኩት።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ዋልካው ጠጣ፣ አበጠ፣ የአዲሷን ክፍል ጥግ ከታች ገፋት። ከመስኮቱ ሥር ክር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ከሰው ሁሉ በፊት ያያት አባባ ነው። ከተሰበረ የመስኮት መስታወት ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ቆረጠና ስንጥቁን እንዲያቋርጥ አድርጎ ግራና ቀኙን በሲሚንቶ አጣበቀው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«ምስክር ነው። ግንብ አይለጠጥም፣ መስታወት ደግሞ ከግንብ ይብሳል። መሬቱ ፀጉር ታህል ፈቀቅ ካለ ይሄ ይሰበራል። ካልተሰበረ ግንቡ ተኝቷል ማለት ነው፤ እንለስነውና ስንዱ ትገባለች። ከተሰበረ ግን ሰው አላስገባባትም። አፍርሼ መሠረቱን እንደገና ነው።»

እማዬ ሆዷን ይዛ ብድግ አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነበር። «እኔ አልደብቅህም። እስከ መስቀል እንደምንም እንታጠፋለን። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ካለ አለ፣ ከሌለ ልጅቱ ለእናቷ ትመለስ። እኔ ኅዳር ላይ ነው የምወልደው። ምድጃው ላይ አልወልድ!»

«ይሁን» አለ አባባ።

ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ስንዱ ወደ ተራራው ከተመለሰች ትምህርት አበቃ ማለት ነው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የስንዱ ዘጠነኛ ክፍል በሁለት ጣት መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እንግዲህ ልናገረው። በየጠዋቱ ተነስቼ መስታወቱን አይ ነበር፣ እንዲሰበር። ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልኩ፣ እንዲሰበር። ዝናቡ ሲዘንብ «በርታ» እላለሁ። መስታወቱ ግን አልተነካም፣ የዝናብ ጠብታ ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያብረቀርቃል። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተጀመረ። አንድ ጠዋት እማዬና ስንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ጓሮ ገብቼ አንድ ድንጋይ አነሳሁ፤ ስንዱ ጤነኛ ነው ካለቻቸው አንዱን፣ ይህን ያደረግሁት አውቄ ነው። መስታወቱን አንዴ መታሁት። ተንኮታኩቶ እግሬ ሥር ወረደ፤ አንዷ ስንጣሪ አውራ ጣቴን ጫረችኝ። ደስ አለኝ ልበል? አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ድንጋዩን እስክወረውር ድረስ። ከዚያ በኋላ ጣቴን እየመጠጥኩ መደብ ላይ ተጠቅልዬ ተኛሁ፤ ሆዴን እውነትም አመመኝ።

አባባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሐራ ተመለሰ። ጥጉ ጋ ተቀምጦ ስብርባሪዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ መዳፉ ላይ አደረጋቸው። ከዚያ እኔንና ስንዱን ጠራን።

«መሬት መስታወት ሲሰብር አንዲት መስመር ብቻ ናት» አለ። «ሁለቱም ግማሽ ቦታው ላይ ይቀራል። ይሄ ዱቄት ሆኗል። ይሄን የሰበረው እጅ ነው። የማን እጅ ነው?»

አውራ ጣቴን በቀሚሴ ሸፈንኩት።

«የኔ ነው አባባ» አለች ስንዱ። «የሸረሪት ድር ልጠርግ ብዬ በመጥረጊያው እንጨት መታሁት። ይማሩኝ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋው ራሱ ተነስቶ ምቱኝ ሲል ግን ያኔ ነው ያየሁት። ሌላ ልጅ ቢሆን እፎይ ይል ነበር፤ እኔ ግን በንዴት ጨስኩ። ክፍሌን ወሰደች፣ ቅዳሜዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ። በዚያ ላይ ደግ ሆነች! አባባ አልመታትም፣ አልተቆጣትም። ረዘም አድርጎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ተነስቶ ሌላ መስታወት ሊቆርጥ ሄደ። በነጋታው ዕቃ ስናጥብ ስንዱ ቀስ ብላ «አውራ ጣትሽን ውሃ አታስነኪው እታለም፣ ይመግላል» አለችኝ። ሳህኑን ከእጇ ነጠቅኋት።

አዲሱ መስታወት ተጣበቀ፤ ቆጠራውም እንደ አዲስ ጀመረ። አባባ እማዬን ለምኖ ቀኑን እስከ ጥቅምት መጨረሻ አስረዘመ። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ «ጠባቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። «በየጠዋቱ አይተሽ ለኔ ትነግሪኛለሽ። ማንም እንዳይነካው።» አምኖኝ መስሎኝ ኮራሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሌባን ዘበኛ እንደማድረግ ነበር፤ ሞኝ ሆኜ አልገባኝም።

መስከረም ጠባ፣ ስንዱ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ ዘጠነኛ ገባች። በመደቡ ጠርዝ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታጠናለች፤ እማዬ በከበደ እግሯ ስታልፍ ትነሳለች፣ ስትመለስ ትነሳለች። እማዬ በአፏ አትናገርም፣ ቀን ግን ትቆጥራለች። እኔ በየጠዋቱ «እንዴት አደረ?» ስባል «ደህና ነው» እላለሁ፤ ደህና ነው ባልኩ ቁጥር ልቤ ይደማል።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆመ። ፀሐዩ ጠነከረ፣ ዋልካው ደርቆ ከግንቡ ሥር መሸሽ ጀመረ። ጓሮአችን ላይ የወጣው ንቃቃት እስከ ክንዴ ያስገባኝ ነበር። የወሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት ወደ ጥጉ ስሄድ መስታወቱ እንደ ወትሮው ቦታው ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀጭን መስመር። ሁለቱም ግማሽ አልወደቀም።

ስለቴ ደረሰ! በእጄ ሳልነካ፣ ያለ አንዳች ኃጢአት። ወደ ቤት የሮጥኩት አሯሯጥ እስካሁን እግሬ ያውቀዋል።

«አባባ፣ ተሰበረ! እኔ አይደለሁም!»

አባባ ጫማውን ሳያስር ተከትሎኝ ወጣ። በርከክ ብሎ ጥፍሩን በመስመሯ ላይ ከላይ ወደ ታች አሄደው።

«አውቃለሁ» አለ። «የነሐሴውን እንጂ የዛሬውን አንቺ አልሰበርሽም።»

ደነገጥኩ። ያን ያህል ጊዜ እያወቀ ዝም ብሎኝ ኖሯል። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እማዬ ወገቧን ደግፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ስንዱ ከኋላዋ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ቀኑ ዛሬ ነው» አለች እማዬ። «እንዴት ሆነ?»

አባባ በትከሻው መስታወቱን ከልሎ እንደተቀመጠ ነው። የባለሱቁን መሠረት ያየበት ፊት ነበር ፊቱ፤ አሁን «እምቢ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ ስንዱ ደረት ላይ ያለውን ደብተር አየ።

«ደህና ነው» አለ። «ግንቡ ተኝቷል። ዛሬ እንለስነዋለን፣ ስንዱ ዕቃዋን ታስገባ።»

«ተኝቷል ካልክማ» አለች እማዬ፣ ወደ ቤት ገባች። ከመርሳ ሰው የአባባን ቃል በመሬት ነገር የተጠራጠረ የለም፤ እሷ ከየት ታምጣው? ስንዱ ፊቷን በደብተሯ ሸፍና ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

አባባ ሲሚንቶና አሸዋ አቦካ። ከዚያ «ነይ» አለኝና መለሰኛውን ብረት እጄ ላይ አስቀመጠው። ከተወለድኩ የሥራ ዕቃውን ሲያስነካኝ የመጀመሪያው ነው። እጄን በትልቅ እጁ ይዞ ከታች ወደ ላይ አስጎተተኝ፤ መስታወቱ ግማሹ ተሸፈነ፣ ከዚያ መስመሯ፣ ከዚያ ሁሉም።

«አይወድቅባትም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውሃውን ከጥጉ አርቃለሁ፣ በየዓመቱ ስንጥቁ ሲወጣ እለስነዋለሁ። ትምህርቷን ትጨርስ እንጂ ሌላው ይደረስበታል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኩም። መጮህ እችል ነበር፤ እማዬ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች። አባቴ ግን ባለሱቅ ለምኖት፣ አለቃ ተቆጥቶት፣ በመሬት ነገር አንድ ቀን የሐሰት ቃል ያልወጣው ሰው ነው፤ ያን ቀን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ ፊት ወጣው። ለኔ ብሎ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ሰዎች ስንዱን በክፍሉ ምክንያት የምቀናባት ይመስላቸው ነበር። ክፍሉንስ ትውሰደው። እስከ ዛሬ የምቀናባት በዚያች ውሸት ነው።